ከቀዩ ሻሽ ሥር

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት መጥታችሁ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ፣ ወደ ውኃው በሚወርደው ኮረኮንች ብትታጠፉ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ የቆርቆሮ በር ፊት የተሰለፉ ሕፃናት ታያላችሁ። ሁሉም ራሱን ገልጦ ነው የሚቆመው። ሻሽ ያሰረች ትፈታለች፣ ኮፍያ ያደረገ ያወልቃል፣ ሂጃብ ያደረገችም ብትሆን ከበሩ ጀርባ ገባ ብላ ትገልጣለች። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብዙም ተብዬበታለሁ። አንዱ አባት "ወታደር ቤት ነው እንዴ?" ብሎኛል፤ አንዷ እናት ደግሞ ልጄን ብርድ ልታስመቺብኝ ነው ብላ ተቆጥታኛለች። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ካልተስማማችሁ ሌላ ቦታ ውሰዷቸው እላለሁ። ሌላ ቦታ እንደሌለ እነሱም እኔም እናውቃለን። ዛሬ ግን ጠባዬን ትቼ ምክንያቱን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነ ጊዜ የጤና ጣቢያ ሥራዬን ከለቀቅኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ከዚያ በፊት በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነርስ ነበርኩ። እዚያ የመረረኝ ነገር ቢኖር ልጆች ወደኛ የሚመጡት ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ መሆኑ ነው። እናት ጫት ለቀማ ትወጣለች፣ ወይ ገበያ ትውላለች፣ ወይ ዓረብ አገር ናት። ልጁ ገና ልጅ ከሆነች ታላቅ እህቱ ጋር፣ አለዚያም ዓይናቸው ከደከመ አያቱ ጋር ይውላል። የተቃጠለውን፣ የከሳውን፣ ውኃ ገብቶ የወጣውን ታቅፈው ይመጡና "ትናንት ነው የጀመረው" ይሉኛል። ትናንት የጀመረ በሽታ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን በጣም ተናደድኩና እነዚህን ልጆች ከመታመማቸው በፊት ነው ማግኘት ያለብኝ ብዬ ደመወዜን ጥዬ ወጣሁ። ተናድጄ ያደረግኳቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ያልተጸጸትኩበት ይሄ ብቻ ነው።

የተከራየሁት ቤት ድሮ ዓሣ የሚሸጥበት ነበር። ግድግዳውን ደጋግሜ ኖራ ብቀባውም ዓሣ ዓሣ ማለቱን አልተወም። ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ የሕፃናት ሚዛን ሰቀልኩ፣ ሥዕል ለጠፍኩ። ጡት የተዉትን ትንንሾች ሰብስቤ እያጫወትኩ፣ እያስተማርኩ፣ እየመዘንኩ፣ ክትባታቸውን እየተከታተልኩ፣ ቀትር ላይ የገብስ ገንፎ እያበላሁ አውላቸዋለሁ። በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበርና ከተማው ሳቀብኝ። "የሽንት ጨርቅ ዩኒቨርሲቲ" የሚል ስም ወጣለት። እኔም ወልጄ ስለማላውቅ "ያልወለደች አሳዳጊ" ተባልኩ።

ሳቁ አልጎዳኝም። የጎዳኝ ሌላ ነው። ልጆቹ ቀትር ላይ ገንፏቸውን በልተው ምንጣፉ ላይ ጋደም ይሉ ነበር። በመስኮት ያየ አንድ ሰው ይሄ ሁሉ ሕፃን ባንዴ እንዴት ይተኛል፣ የሚያስተኛ ነገር ብትሰጣቸው ነው እንጂ አለ። ያ ወሬ ከተማውን ዞረ። ጥቂት እናቶች ልጆቻቸውን አስቀሩ፤ ሌሎቹም ገንፎውን በጎን እያዩ ነበር የሚያስገቡልኝ።

ከማውላቸው ልጆች ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። ሰሚራ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ መዲና ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ልጅቷን የሚያሳድጉት አያቷ እማማ ጦይባ ናቸው። እማማ ጦይባ "የራስን ልጅ ማሳደግ ቀላል ነው፤ አማና፣ የሰው አደራ ነው የሚከብደው" ይሉኝ ነበር። መዲና ማታ ማታ ስልኳን ከፍታ ልጇን በምስል ታያለች። ጥፍርሽን አሳዪኝ፣ ጥርስሽን አሳዪኝ እያለች ከራስ እስከ እግሯ ትመረምራታለች። እማማ ጦይባ ያ ስልክ እስኪደወል ፈተና እንደሚቀመጥ ተማሪ ይጨነቃሉ።

ሁለተኛው የጎረቤታቸው የየሺ ልጅ ኪሩቤል ነው፤ ኪሩ እንለዋለን። የሺ ባሏ የሞተባት ወጣት ናት። ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። የእሷና የእማማ ጦይባ አጥር አንድ ነው፤ ጨው ይበዳደራሉ፣ በዒድም በፋሲካም ይጠራራሉ። ኪሩ ቀን ተኝቶ አያውቅም። ሌሎቹ ሲያንኮራፉ እሱ አንድ ዓይኑን ገልጦ ይጠብቀኛል። "ሲስተር፣ እኔ ስተኛ ሐይቁ የት ይሄዳል?" ብሎ ይጠይቀኛል። የትም አይሄድም ብለው አያምነኝም። ለወሬኞቹ የሚያስተኛ ነገር አለመስጠቴን ማስረዳት ስፈልግ ኪሩን ነበር የምጠቅሰው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዚያን ዓመት መስከረም ጠብቶ፣ አደይ ፈክቶ፣ ጉዱ የቀረልን መስሎኝ ነበር። የግሸን ሰሞን ነው። ከማለዳው ጀምሮ ምእመናን የጫኑ አውቶቡሶች ጥሩምባቸውን እያስጮሁ በአስፋልቱ ያልፋሉ። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶበት ከደጄ ሆኜ ውኃው አይታየኝም። ኪሩ አልመጣም፤ የሺ ስለት ስላለባት ይዛው ወደ ግሸን እንደምትወጣ አስቀድማ ነግራኛለች። ሰሚራ ግን በአያቷ እጅ ተይዛ መጣች። ራሷ ላይ ቀይ ሻሽ እስከ ቅንድቧ ወርዶ ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

"ዘይነቤ፣ በአላህ ይሄን ሻሽ እንዳትፈቺባት" አሉኝ እማማ ጦይባ። "ራሷን አሰናድቻታለሁ። ማታ እናቷ እስክታያት አይነካ።"

ሹሩባ የተሠራች መስሎኝ እሺ አልኳቸው። እሳቸው ግን ወዲያው አልሄዱም። ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመልሰው ሻሹን አጠባበቁ። አለባበሷ ላይ ጥንቁቅ ስለሆኑ አልገረመኝም።

ሰሚራ ከገባች እስክትወጣ ወሬ የማታቋርጥ ልጅ ናት። ያን ቀን ጥግ ይዛ ቁጭ አለች። ጠጋ ስላት ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ጉንፋን ይዟት አያቷ አብልተዋት ነው ብዬ አለፍኩ። ትንሽ ቆይቼ ሳያት አገጯ በምራቅ ርሷል። ጠረግኩላት፤ ወዲያው ደግሞ ራሰ። ዓይኗ ያነባል፣ እሷ ግን አታለቅስም። በዚህ መሀል ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ ወጣ፤ በመስኮቱ ገብቶ ምንጣፉን ሞላው። ሰሚራ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሲስተር፣ መሸ እንዴ?" አለችኝ።

ልጆች ብዙ ነገር ይላሉ፤ ይሄ ግን የጨዋታ ቃል አልነበረም። ግንባሯን ስነካው ትኩሳት የላትም፤ ላብ ብቻ ነው፣ የቀዘቀዘ ላብ። ወባ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ፣ የማጅራት ገትር ይሆን እንዴ ብዬም አሰብኩ፤ አንዱም አልገጥም አለኝ። አያቷን እንዲጠሩልኝ ሰው ላክሁ። እስከዚያው ሌሎቹ እንዳይርባቸው ገንፎ አወጣሁ። ሰሚራ አንድ ጉርሻ አፏ ሳይደርስ አስታወከች። አንስቼ ስታቀፋት ክንዷ ላይ ከቆዳዋ ሥር ሥጋዋ ለብቻው ሲርገበገብ አየሁ። እሷ ዝም ብላለች፤ የሚንቀሳቀሰው ሥጋዋ ነው።

ልጇን ልትወስድ መስኮቱ ጋ የቆመች አንዲት ሴት ይህን አይታ እየጮኸች ከግቢው ወጣች። የላክሁት ሰው ሳይመለስ ግቢው በሰው ሞላ። እናቶች ልጆቻቸውን እየነጠቁ፣ አፋቸውን እየከፈቱ ያሸታሉ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ስፈራው የኖርኩት ወሬ በእግሩ ቆሞ ደጄ መጣ።

እማማ ጦይባ ከልጃቸው ከጀማል ጋር ደረሱ። ጀማል የሰሚራ አጎት ነው። ሳዑዲ ቆይቶ ተመልሶ ባጃጅ ይነዳል፤ በአርዲቦ ሐይቅ በኩልም ትንሽ የጫት ማሳ አለው። ገብቶ በሩን በጀርባው ዘጋ።

"ምን ሰጠሻት?" አለኝ። ድምፁን አላነሳም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

ማንኪያ አነሳሁና ከድስቱ ገንፎ ዝቄ ሁሉም እያዩኝ በላሁ። ሌሎቹም የበሉት ይሄንኑ ነው፣ አንድም የታመመ የለም አልኩ። ከመስኮቱ በኩል አንድ ሰው "እሷማ ማርከሻውን ታውቀዋለቻ" አለ። የሚስቅ አልነበረም። ልጅቷን ወደ ጤና ጣቢያ ልውሰዳት ብል የሚያሳልፈኝ የለም፤ አንዳንዱ ፖሊስ ይምጣ ይላል፣ አንዳንዱ ዓይነ ጥላ ነው ሼኹ ጋ ትወሰድ ይላል። እኔ ደግሞ ምን እንደሆነች ካላወቅኩ ጤና ጣቢያ ደርሼም የምናገረው የለኝም። የስልኬን መብራት ከፍቼ ዓይኗን ገለጥኩ። ብሌኗ የጎመን ዘር አክላለች።

እንዲህ ያለ ዓይን አውቃለሁ። ጤና ጣቢያ ሳለሁ ማሳ ላይ የተባይ መርዝ ሲረጩ ውለው በሸክም የመጡልን ሰዎች ዓይናቸው እንዲህ ነበር። ያ መርዝ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው፤ የሽታው ትርጉም ያኔ ነው የገባኝ።

ጀማልን ጫትህ ላይ የምትረጨውን የተባይ መርዝ የት ነው የምታስቀምጠው አልኩት። እሱን ምን አመጣው አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነው፣ ቁልፉም እናቴ ጋ ነው አለ። ይህን ሲል ሁለታችንም ወደ እማማ ጦይባ ዞርን። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

"እማማ፣ ሰሚራ ምን ነክታለች?" አልኳቸው።

"ምንም አልነካች። ወላሂ..." ብለው ጀመሩና ቆሙ።

እማማ ጦይባ በሐሰት የሚምሉ ሴት አይደሉም። መሐላው አፋቸው ውስጥ ቀረ። ዓይናቸው ግን ሄዶ ቀዩ ሻሽ ላይ አረፈ።

ቃሌን አፍርሼ ሻሹን ፈታሁት። ከሥሩ ፌስታል አለ። ፀጉሯን በሙሉ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ፌስታል ጠቅልሎታል፤ አየር እንዳያስገባ በክር ታስሯል። ክሩን ስበጥሰው ሽታው ቤቱን ሞላው። ጀማል "ያ ረቢ" ብሎ ግድግዳውን ያዘ። እናቱ እንደቆሙ ቁልቁል መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አላስፈቀድኩም። ጓንት አጥልቄ ልብሷን ገፈፍኩ፣ ፀጉሯን በመቀስ ከሥሩ ሸለትኩት። ጀማል ከበርሜል ውኃ ይቀዳል፣ እኔ በሳሙና አጥባለሁ፣ ያቺ በመስኮት አይታ የጮኸችው ሴት ነጠላዋን አውልቃ ታደርቃለች። በሩን የዘጋው ሕዝብ መንገድ ለቀቀ። በጀማል ባጃጅ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሰሚራ ደረቷ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተክ ነበር። የጤና መኮንኑ የማርከሻውን መርፌ ወጋት፣ ጠብቆ ደገማት። ብሌኗ ቀስ በቀስ ሲሰፋ ሳይ ነው በሕይወት መኖሯን ያመንኩት። ወደ ደሴ ትሂድ ተባለና አምቡላንሱ ተዘጋጀ።

እማማ ጦይባ ነገሩን የነገሩኝ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ሰው እንዳይሰማቸው ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ነው። ቅማል ነው። መዲና በስልክ ስታያት ልጅቷ ራሷን አከከች፤ መዲናም ልጄን ቅማል በላት ወይ ብላ አለቀሰች። በየወሩ ገንዘብ እየላከች ልጇ ቅማል ይዟታል መባሉን እማማ ጦይባ ሊሸከሙት አልቻሉም። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ለጫት የሚረጨውን በውኃ አቅጥነው ቀቡና ቶሎ እንዲገድልላቸው ፌስታል አሰሩበት። ሌሊቱን ሙሉ እንደታሰረ አደረ። ጠዋት ልጅቷ ስትፈዝ አይተዋል፤ ግን ቅማል የሚለውን ቃል በእኔ ፊት ከሚያወጡ...።

አምቡላንሱ ላይ ሊወጡ እግራቸውን አንስተው መለሱት።

"ዘይነቤ" አሉኝ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። "የሺም ወስዳለች። ለኪሩ። ንጹሕ ራስ ይዞ ግሸን ይግባ ብላ። በብርጭቆ ቀዳሁላት።"

በሩ ተዘጋና አምቡላንሱ ወደ ደሴ ሄደ። ግሸን በሌላ አቅጣጫ ነው፤ ሌላ አምቡላንስ ደግሞ የለም።

የየሺ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ይላል። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ስልኩ ውስጥ የተቀዳችው ሴትዮ በተረጋጋ ድምፅ ያንኑ ትነግረኛለች። የጤና መኮንኑ የቀረውን ማርከሻ ከመርፌው ጋር በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጀማል ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ባጃጇን እዚያው አቁሞ አስፋልቱ መሀል ገብቶ አንድ ሚኒባስ አስቆመ። የግሸን ምእመናን ሞልተውታል። ምን እንደሆነ ሲነግራቸው አንድም ያጉረመረመ የለም፤ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡን። ሹፌሩ የከፈተውን መዝሙር ዘጋና ነዳ።

ዋናውን መንገድ ትተን ወደ አምባሰል ስንታጠፍ አቧራው ተነሳ። ከፊታችን የተሽከርካሪ ሰልፍ አለ። አጠገቤ ያሉት እናት "ድንግል ትድረስለት" እያሉ መቁጠሪያቸውን ይስባሉ፤ ከወዲያ ጀማል ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ በሐሳቤ ሰዓቱን አስላለሁ። ኪሩ ትንሽ ልጅ ነው። ማታ ከተቀባ ዘግይተናል፤ ንጋት ላይ ከተቀባ እንደርሳለን። ማታ ይሁን ንጋት ላይ እማማ ጦይባን አለመጠየቄ ያንገበግበኛል።

መኪኖች የሚያርፉበት ቦታ ሻይ የምትሸጥ ሴት ጠየቅን። አዎ አለች፤ አንዲት ወጣት እናት ልጇን መኪና ረብሾት ሲያስታውክ አይቻለሁ፣ ሎሚ ሰጠኋት። ልጁ ምን አድርጓል፣ ራሱ ላይ ምን ነበር አልኳት።

"የሱፍ ኮፍያ" አለችኝ። "ያልበው ነበር፣ ብርድ እንዳይመታው ብላ ጋቢዋንም ደረበችለት።"

በዚያ ፀሐይ ኮፍያና ጋቢ። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በእግር ነው። ሽማግሌ በዱላ፣ ሴት በአንቀልባ፣ ወጣቱ እየዘመረ ዳገቱን ይዞታል። ጀማል ቀድሞኝ እየሮጠ "የሺ! የሺ!" እያለ ይጣራል። ስንት የሺ ዞረ መሰላችሁ። ሁሉም ደንግጠው ዞረው ያዩታል፤ እኔም አንዳንዷን ፊቷን አይቼ አልፋለሁ።

የኛዋ የሺ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጇን እጭኗ ላይ በጋቢ ጠቅልላ ታወዛውዘዋለች። ስታየኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ቀስ ይበሉ ሲስተር፣ አሁን ገና ነው የወሰደው" አለችኝ። "መንገዱን ሙሉ ሲሰቃይ ነበር። ድንግል ሰምታኝ፣ ይኸው ተኛ።"

ኪሩ ቀን ተኝቶ አያውቅም።

ጋቢውን ገለጥኩ። ገላው ገና ይሞቅ ነበር። ኮፍያውን አውልቄ ወረወርኩት፣ መርፌውን ወጋሁ፣ ትንፋሽ እሰጠዋለሁ፣ ደረቱን እጫናለሁ። ያ ሽታ አፌ ውስጥ ገባ። ምእመናኑ ከበውን ዝማሬያቸውን አቋረጡ። ከላይ ገና ያልሰሙት ይዘምራሉ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጀማል ተንበርክኮ ሁለት እጆቼን ያዛቸው፤ "ሲስተር፣ በቃ" አለኝ። እምቢ ብዬ ታገልኩት። ጠዋት በሩን የዘጋብኝ ያ ሰው እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር።

የሺ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ ምን ሆኖ ነው አለችኝ። ጋቢውን ፊቱ ላይ መለስኩለት። ጀማል ልጁን በጋቢው አቅፎ ቁልቁል ወረደ፤ እኛም ተከተልነው።

ሰሚራ ደሴ ላይ ተረፈች። ኪሩን ሐይቅ ቀበርነው። ከሻሹ ሥር የነበረውን ያየነው ቤት ውስጥ የነበርን ጥቂቶች ስለሆንን፣ ከተማው ሁለት ነገር ይላል። ግማሹ ገንፎው ነው ይላል፤ ኪሩ የዚያን ዕለት ገንፎዬን አለመቅመሱን ማንም አላሰበውም። ግማሹ ደግሞ ለየሺ፣ ግሸን ደጅ መሞት መታደል ነው ይላታል፤ እሷም በዚያ ትጽናናለች። እኔ የልቅሶው ድንኳን ጥግ ተቀምጬ እቃጠላለሁ። እውነቱን ብናገር ይህቺን ሴት ልገድላት ነው። ዝም ብል ደግሞ ነገ ሌላ እናት ሌላ ብርጭቆ ታስቀዳለች። ሁለቱንም እያሰብኩ አፌን መክፈት አቃተኝ።

የከፈቱት እማማ ጦይባ ናቸው። ከደሴ ሲመለሱ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ ወደ ልቅሶው መጡ። ሰው ቦታ ሊለቅላቸው ሲነሳ አልተቀመጡም። ድንኳኑ መሀል ቆሙ።

"የሺን ያጽናናችሁ፣ ሲስተርንም ያማችሁ፣ ስሙኝ" አሉ። "የልጄን ልጅ ቅማል ይዟት ነበር። አፍሬ ተደበቅኩ። የጫት መርዝ ቀባኋት። ለኪሩም በብርጭቆ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ገንፎ አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው። ከእናንተ ውስጥ ቀብታ የመጣች ካለች አሁኑኑ ትሂድ፣ ትጠብ።"

ቀጥሎ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እናት ነጠላዋን ሳታነሳ ተነስታ ሮጠች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከወንዶቹ በኩልም አንድ አባት ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። ለካ ሦስት ቤት ውስጥ፣ እኛ እዚያ ተቀምጠን ስናለቅስ፣ ፌስታል የታሰረባቸው ልጆች ነበሩ።

የሺ ተነስታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። እማማ ጦይባ እደጁ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱም መጥተው ተቀመጡ፤ በየቀኑ እየመጡ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። መቼ እንደተከፈተላቸው፣ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ሳልፍ ግን ሁለቱን ባንድ መደብ ላይ ምስር ሲለቅሙ አየኋቸው።

አንባቢዎቼ፣ ልጅን የሚጎዳው ችላ መባል ነው ብዬ ነበር ሥራዬን የጀመርኩት። ኪሩን ግን ችላ ያለው ሰው የለም። የሺ ለድንግል ንጹሕ አድርጋ ልታቀርበው ነበር፤ እማማ ጦይባ አማናቸውን ሊጠብቁ ነበር። የገደለው ኀፍረት ነው፣ አንዲት ቃል ጮክ ብሎ ያለመናገር። ስለዚህ እኔ ቤት አሁን ቅማል ሳይንሾካሾኩ ነው የሚነገረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወላጆች ጋር ራስ እንታያያለን፤ ማበጠሪያው መጀመሪያ የሚገባው የእኔ ፀጉር ውስጥ ነው። አንዴ የእውነት ተገኝቶብኝ ከተማው ለሳምንት ሳቀ። ይሳቅ። እናንተም ቤት የማሳ መርዝ ካለ፣ ከልጅ ራስ አርቁት። የሚያሳፍራችሁ ነገር ካለም ለአንድ ሰው ንገሩት። ለእኔ ብትነግሩኝ እቆጣለሁ፣ ግን እሰማለሁ።

ቤቱን እንደገና ስከፍት የሺ መጣች። ሥራ ይስጡኝ አለች። ገንፎ ማገንፋት ትችያለሽ ብላት በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

"በሩ ላይ ነው የምፈልገው" አለችኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ እዚያ ናት። ሻሹን ትፈታለች፣ ኮፍያውን ታወልቃለች፣ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን እያንዳንዱ ፀጉር ውስጥ አስገብታ ታሸታለች። አዲስ ወላጆች ከሩቅ ሲያዩዋት ልጆቹን የምትስም ይመስላቸዋል። "እንዴት ያለች ሴት አላችሁ፣ ሳትስም አታስገባም" ይሉኛል። አላርማቸውም።

ሰሚራ አሁን አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ደብተሯን ታቅፋ በደጃችን ነው የምታልፈው። ማንም አላዘዛትም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ሰልፉ መጨረሻ ላይ ከትንንሾቹ ኋላ ትቆማለች። ተራዋ ሲደርስ ሻሿን ገልጣ ለየሺ ራሷን ዝቅ ታደርግላታለች። የሺም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጎንበስ ብላ ታሸታትና ሂጂ ትላታለች።